ከአንገት በላይ የሚሞላ ቅጽ

በዚህች አገር ከልብ ወለድም፣ ከግጥምም፣ ከተውኔትም ይልቅ ብዙ ደራሲ ያፈራው የጽሑፍ ዘርፍ ማመልከቻ ነው። እየቀለድኩ አይደለም። በየፍርድ ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ አጥር ሥር ዱካቸውን ዘርግተው፣ ጃንጥላ ተክለው የሚውሉት ራፖር ጸሐፊዎች በቀን የሚጽፉትን ያህል አንድ ደህና ደራሲያችን በዓመት አይጽፍም። አንባቢያቸውም ቢሆን ቁርጥ ያለ ነው፤ ወይ ይመራዋል፣ ወይ ይጥለዋል። ሐያሲ ግን የላቸውም። ስለ አንድ ቀሽም ልብ ወለድ ሦስት ገጽ የሚጽፍ ሰው ስንት ቤተሰብ እንጀራ የሚበላበትንና የሚያጣበትን ማመልከቻ ዞር ብሎ አያየውም። ዛሬ እስቲ እኔ ልየው ብያለሁ።

ማመልከቻ ሲባል ግን ዘር ዘር አለው። ውሃ ይግባልኝ፣ ግብር ይቀነስልኝ፣ ዝውውር ይፈቀድልኝ የሚለው ምንም አይወጣለትም። ሰውየው የሚፈልገውን ያውቃል፤ የሚፈልገውን ይጽፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ዓይነት ነው። ሰው ምን እንደሚችል ሳይሆን ምን እንደሚያምን የሚጽፍበት። ‹‹በ… ላይ ያለዎት አመለካከት›› የሚል መስመር ያለበት። ይኸኛው በአገራችን ረጅም ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ሰሞነኛ ስም ያወጡለት ግን አሜሪካኖች ናቸው፤ የብዝኃነት መግለጫ ብለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ወይም የሒሳብ መምህር ለመሆን ሲያመለክት ከትምህርት ማስረጃውና ከምርምር ሥራው ጋር አንድ ወይም ሁለት ገጽ ጽፎ እንዲያያይዝ ይጠየቅ ነበር። በገጹ ላይ ስለ ብዝኃነት፣ ስለ እኩልነትና ስለ አካታችነት ምን እንደሚያስብ፣ እስካሁን ምን እንደሠራ፣ ቢቀጠር ምን እንደሚሠራ ያስረዳል። መራጮቹ ነጥብ ይሰጡታል። በካሊፎርኒያው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2018 እና 2019 በተደረገ አንድ የሕይወት ሳይንስ መምህራን ምርጫ ላይ ወደ 900 ከሚጠጉ አመልካቾች መካከል ከሦስት አራተኛው በላይ በመጀመሪያው ወንፊት የወደቁት በዚህ ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለ ሕዋስ ምን ያህል ያውቃሉ የሚለው ገና አልታየም ነበር።

ታዲያ የሚቃወሙት ዝም አላሉም። በ2023 የፍሎሪዳ ምክር ቤት እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ‹‹የፖለቲካ ታማኝነት መፈተኛ›› ብሎ በመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ከለከለ። በዚያው ዓመት ቴክሳስ ተከተለች፤ ሕጉ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ዩታና አላባማም በ2024 የየራሳቸውን አወጡ። ሕግ ያላስገደዳቸውም ቢሆኑ፣ እነ ኤም አይ ቲ እና የሃርቫርድ የሥነ ጥበባትና የሳይንስ ፋኩልቲ፣ በ2024 ጽሑፉን መጠየቅ አቆሙ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም በ2025 ተወው።

የካሊፎርኒያው ነገር አንድ የቆየ ታሪክ ያስታውሳል። ይኸው ዩኒቨርሲቲ በ1949 መምህራኑ ኮሚኒስት አለመሆናቸውን በመሐላ እንዲያረጋግጡ ጠይቆ ነበር። ብዙዎቹ ፈረሙ። በ1950 እምቢ ያሉ 31 መምህራን ተባረሩ። ከተባረሩት ውስጥ ብዙዎቹ ኮሚኒዝምን የሚጠሉ ሰዎች ነበሩ፤ የጠሉት ግን መጠየቁን ነው። በኋላ ፍርድ ቤት መልሷቸዋል። እንግዲህ ያኔ መሐላውን የፈለገው ቀኙ ነበር፤ ከሰባ ዓመት በኋላ መግለጫውን የፈለገው ግራው ሆነ። ቅጹን የሚያትመው ሰው ይለወጣል እንጂ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው አመልካች ያው ነው፤ እንጀራውን የሚፈልግ፣ ‹‹ምን ብጽፍ ነው የሚወዱልኝ?›› እያለ የሚያሰላስል ሰው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንመለስ።

እኛ ይህን ዘርፍ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በደርግ ዘመን ሂስና ግለ ሂስ ይባል ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ነበር፤ ሰው ተነስቶ ንዑስ ከበርቴያዊ ዝንባሌውን በአደባባይ ያወግዛል። ንዑስ ከበርቴ ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ ዘበኛ ሳይቀር ዝንባሌው እንደነበረበት ይናዘዛል። በኢሕአዴግ ጊዜ ስሙ ግምገማ ሆነ፤ ንዑስ ከበርቴው ወጥቶ ጠባብነት፣ ትምክህትና ኪራይ ሰብሳቢነት ገቡ። ቃላቱ ተለወጡ እንጂ የዓረፍተ ነገሩ አሠራር አልተለወጠም። ‹‹ይህ አመለካከት በውስጤ እንደነበረ ተገንዝቤ…›› ብሎ ይጀምራል። አንዳንዴ እንደማስበው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር እንዲህ የተንዛዛውና አድራጊው የጠፋበት ከዚያ የስብሰባ አዳራሽ ሲወጣ ነው። ‹‹ተደርጓል፣ ተወስዷል፣ እንዲታይ ተብሏል››፤ ማን አደረገ? ማን አለ? እሱን ተዉት።

በዩኒቨርሲቲው ደግሞ ነገሩ ከቃል አልፎ እንጀራ ነበር። ታኅሣሥ 1985 ተማሪዎች የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ ጉዳይ ይዘው ሰልፍ ወጡ፤ ተኩስ ተከፈተ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 42 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተሰናበቱ። ከመካከላቸው አንዱ ስመ ጥሩው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። በመንግሥት የብሔር ፖሊሲ ላይ የተለየ ሐሳብ እንዳላቸው የታወቁ ሰዎች ነበሩበት። የሚገርመው ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ አለበት ይላል። ፍሎሪዳዎች በ2023 የደረሱበትን እኛ በ1987 ጽፈነዋል ማለት ነው። ጽፈነዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ለአምስት መጣ፤ በ2006 ክረምት ማብቂያ ላይ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመዝገባቸው በፊት ተሰብስበው በመንግሥት ፖሊሲ ላይ ሥልጠና ተቀመጡ። አንቀጽ 90 በመደርደሪያው ላይ እንደተቀመጠ ነበር።

ከሁሉም ለአሜሪካኖቹ የሚቀርበው ግን የ2012ቱ ፊርማ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በብሔር ግጭት ሲታመሱ የከረሙበት ጊዜ ነበር። እናም በዓመቱ መግቢያ ላይ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ሰላም ለመጠበቅና ከግጭት ለመራቅ ውል እንዲፈርሙ ተደረገ። ሐሳቡን ያፈለቁትን ሰዎች አልወቅሳቸውም፤ ጨንቋቸው ነበር። ልጅን ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ከማያውቀው አገር መላክ የወላጅን ሆድ የሚበላ ነገር ነው፤ ወረቀት ቢሆንም አንድ ነገር ይዞ መግባት ያጽናናል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ። ግጭቱ ወደ ሌሎችም ተዛመተ። ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ የታገቱት ልጆች ወላጆች ከየመገናኛ ብዙኃኑ ፊት እያለቀሱ ቀሩ። የፈረሙት ውል በየፋይሉ አለ። የፈረመው ልጅ የገዛ ፊርማውን ያፈረሰ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም። አብዛኛው የፈረመ ልጅ መጀመሪያውኑ ድንጋይ የማይወረውር ልጅ ነው። የሚወረውረው ደግሞ ብዕሩ አይሰንፍም፤ ይፈርማል።

የዚህ ዘርፍ ዋና ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ልብ ያለውንና ጥሩ ብዕር ያለውን መለየት አይችልም። በተለይ ለእኛ! ሰምና ወርቅ ሲቆጥር ያደገን ሕዝብ ‹‹ያለህን አመለካከት በአንድ ገጽ ግለጽ›› ብሎ መፈተን ዓሣን ዋና እንደ መፈተን ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ያማረ መግለጫ ጽፎ በጓሮ የሚያንጓልል ስንቱን አይተናል። አፉ የማይታዘዝለት፣ ነገር ማሳመር የማይችል፣ ግን ከየትም የመጣ ተማሪ ቢሮው ሲገባ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥ መምህርም አውቃለሁ። የፊዚክስ ሰው ነው። ስለ ብዝኃነት ጻፍ ቢሉት ‹‹ሁሉንም አስተምራለሁ›› ብሎ አንድ መስመር ጽፎ ይመልሳል። ዜሮ ከአሥር።

ይልቅ ስለ ብዝኃነት በዚህች አገር ከተጻፉት ወረቀቶች ሁሉ ብዙ ያናወጠው ማንም ቅጽ ሳይሰጠው የተጻፈ ነው። ኅዳር 1962 ላይ ዋለልኝ መኮንን የሚባል ተማሪ ስድስት ኪሎ፣ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በተማሪዎቹ መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥያቄ አምስት ስድስት ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ አወጣ። በሚቀጥለው ወር የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። ከዋለልኝ ጋር መስማማት አያስፈልግም፤ እኔ በብዙው አልስማማም። ነገር ግን ልብ በሉልኝ። በ1962 ያ ሐሳብ ወንጀል ነበር። በ1987 የሕገ መንግሥት መንፈስ ሆነ። በመካከሉ 25 ዓመት ብቻ ነው ያለው። መጀመሪያ ሐሳቡን በመያዙ የሚባረር ሰው ነበር፤ ቀጥሎ ሐሳቡን ባለመያዙ የሚባረር ሰው መጣ። ዩኒቨርሲቲው በሁለቱም ጊዜ ያው ግቢ ነው፤ ጥዶቹም አልተቀየሩም።

እንግዲህ ስለ ውቤ በረሃ ሳልናገር ብቀር ሰፈሬ ይታዘበኛል።

ደጃች ውቤ ሰፈር ነው ዋናው ስሙ፤ የንግሥት ዘውዲቱ ባል በነበሩት በደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ስም። በረሃ ያሰኘው የማታ ሕይወቱ ነው፤ መሽቶ የገባ ሰው በስንተኛው ቀን እንደሚገኝ ስለማይታወቅ ነው ይላሉ ቀልደኞቻችን። እዚህ ሰፈር ማንም ስለ ብዝኃነት አመለካከቱን አልተጠየቀም። የጎንደር አዝማሪ፣ የጉራጌ ባለሱቅ፣ የወለጋ ወታደር፣ የአስመራ ስልክ ሠራተኛ፣ የዶርዜ ሸማኔ በአንድ ቧንቧ ውሃ ቀዱ። ከጊዮርጊስ የቅዳሴ ድምፅ፣ ከኑር መስጊድ አዛን በአንድ ንጋት ይሰማል። እልፍ ሲሉ የአርመኖች ቤተ ክርስቲያን አለ። ራስ ተፈሪ በ1916 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ማለትም አርባ ልጆች፣ የአገሪቱ የክብር ሙዚቀኞች ሆነዋል፤ አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን መዝሙር ዜማ ሠርተዋል። የአርመን ስደተኛ የኢትዮጵያን መዝሙር ሲደርስ ‹‹ስለ ብዝኃነት ያለህ አመለካከት?›› ያለው ሰው የለም። ‹‹ትችላለህ?›› ነው የተባለው። ቻለ።

እዚህ ላይ ብቆም ለሰፈሬ ጥሩ ማስታወቂያ ይሆን ነበር። ግን የማከብረው አንድ ወዳጄ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ፣ ከደቡብ የመጣ ሰው፣ አንድ ቀን ቶሞካ ቆመን ቡና ስንጠጣ ይህንኑ ስለፈልፍለት ሲኒውን አስቀምጦ እንዲህ አለኝ፦

‹‹እናንተ የአራዳ ልጆች አትጠይቁን የምትሉት መልሱ ስለሚመቻችሁ ነው። እኔ ስድስት ኪሎ ስገባ ማንም ብሔሬን አልጠየቀኝም። ስሜን ግን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ በሦስተኛው ሳቁ። በዓመቱ ስም ለወጥኩ። ይኼ በየትኛው ቅጽ ላይ አለ?››

የለም። በየትኛውም ቅጽ ላይ የለም። ወዳጄ ልክ ነው፤ እኔም ሰፈሬን ስለማውቀው ልክ መሆኑን አውቃለሁ። ያ አንድ ቧንቧ የሚቀዳ ሰው ሁሉ በአንድ ቋንቋ መቅዳት ነበረበት። አማርኛው የሚያኮላትፈው ሰው የሰፈር ቀልድ ነበር። ሸማኔው ጥበቡ ተወድዶ እሱ ቡዳ ይባል ነበር። ሥራ ለማግኘት የአባቱን ስም ያስተካከለ ስንት ሰው በዚህ ሰፈር እንዳለፈ፣ ዛሬ የልጅ ልጆቹ እንኳ የማያውቁት ስንት ትክክለኛ ስም እንደተቀበረ፣ እግዜር ይቁጠረው። ‹‹እኛ ሰፈር ዘር አይጠየቅም›› የምንለው ነገር እውነት ነው፤ ግማሹ ምክንያት ግን ሳይጠየቅ ይታወቅ ስለነበረ ነው።

ስለዚህ ክርክሩ ሰውን ምን ታምናለህ ብለን እንጠይቀው፣ አንጠይቀው በሚለው ላይ ብቻ ከቀረ ወዳጄ ከጨዋታው ውጭ ሆነ ማለት ነው። መግለጫ ቢጻፍ ስሙን ሲሰሙ የሳቁት ሰዎች ከሁሉ ያማረውን መግለጫ ይጽፉ ነበር። መግለጫ ቢከለከል ደግሞ ሳቁ ይቀጥላል። የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፤ መጠየቅ ያለበት ሰውዬው ሳይሆን ተቋሙ ነው። ስንት ዓይነ ስውር መምህር ቀጠርህ? ከመቶ ሴት ተማሪዎች ስንቷን አስመረቅህ? የአማርኛ አፉን ያልፈታ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ስንቱ ወደቀብህ፣ ምንስ አደረግህለት? ይህ በቁጥር የሚመለስ ነው። ልብን አይበረብርም፤ ሥራን ነው የሚያየው። በቁጥር ላይም ሰምና ወርቅ መግጠም ከባድ ነው፤ አይቻልም አልልም፣ የሪፖርት አገር ነንና።

የእኛ ሕጎች ይህንን ልዩነት አያውቁትም ማለት አይደለም። በ1999 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ሥራ ፈላጊን በብሔሩ፣ በፆታው፣ በሃይማኖቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ መለየትን ከልክሎ፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ያመጡ ከሆነ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ውክልናቸው ላነሰ ብሔረሰቦች አባላት ቅድሚያ ይሰጣል ይል ነበር። በዚህ ላይ ብዙ መነታረክ ይቻላል። ነገር ግን ቢያንስ የሚያየው የሰውየውን ሁኔታ እንጂ እምነቱን አይደለም። ‹‹ሴት ነሽ›› ማለት አንድ ነገር ነው፤ ‹‹ስለ ሴቶች እኩልነት የምናምነውን ታምኛለሽ?›› ማለት ሌላ። በ2017 የወጣው አዲሱ አዋጅ ብዝኃነትና አካታችነትን በስማቸው ጠርቶ አስገብቷቸዋል። ቃሎቹ ጥሩ ቃሎች ናቸው። የምፈራው መመሪያውን ነው። በአገራችን አዋጅ ክፉ ሆኖ አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ክፋቱ መመሪያ ሲወጣለት፣ ከዚያ ቅጽ ሲታተምለት፣ ከዚያ ቅጹን የሚያስሞላ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው የሚመጣው።

አሜሪካኖቹም ዘንድ ችግሩ የመጣው ከዚያው አካባቢ ነው፤ በተቃራኒው በኩል ቢሆንም። የቴክሳሱ ሕግ በወረቀት ላይ ሲነበብ ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ትምህርትንና ምርምርን አልነካም ይላል። ጥሩ። ግን ሕጉ ሥራ ላይ በዋለ በጥቂት ወራት ውስጥ በኦስቲን ዩኒቨርሲቲ 60 ያህል ሠራተኞች ከሥራ ወጡ፤ ተማሪን ሲያማክሩ የነበሩ ሰዎችም አብረው ተጠረጉ። ፍሎሪዳ ደግሞ ያን ሰበብ ይዛ ወደ ክፍል ገባች፤ ከመሠረታዊ ኮርሶች ውስጥ የትኛው ሐሳብ ይውጣ የሚለውን ሕግ አውጪው ወሰነ። በሴፕቴምበር 2025 በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም አንዲት መምህርት ስለ ፆታ ባስተማረችው ትምህርት ተባረረች፤ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንትም ብዙ ሳይቆዩ ለቀቁ። ሐሳብህን አልጠይቅህም ብሎ የጀመረው ሕግ ሐሳብህን አትናገር ወደሚለው ለመድረስ ሁለት ዓመት በቃው። እኔ ከዚህ ሕግ ጋር የምሄደው እስከ ቅጥር ክፍሉ ደጃፍ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ፣ ጥቁር ሰሌዳው ጋ ሲደርስ፣ የ42ቱን መምህራን ዓመት ያየ ሰው አብሮ አይሄድም።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሕግ ቢወጣ እኔ የምፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማንንም ሲቀጥር፣ ሲያሳድግ ወይም ሲቀበል እምነቱንና አመለካከቱን በጽሑፍም በቃልም አይጠይቅም። ነጥብ። ‹‹ሆኖም›› የሚል አይጨመርበት። ‹‹ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል›› የሚልማ በፍጹም። በ2015 የዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት አዋጅ ወጥቷል፤ ቀዳሚ ሆኖ ራስ ገዝ የተደረገውም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ራስ ገዝ ማለት ከሚኒስቴር ነፃ መሆን ብቻ ከሆነ መምህሩ ምን አተረፈ? ሚኒስቴሩ የተወውን ጥያቄ የዲፓርትመንት ኃላፊው ሊጠይቀው ነው?

ይህን የምለው በሐሳብ ብቻ አይደለም። የጎረቤቴ ልጅ፣ በእጄ ያደገ ነው ብል ማጋነን የለውም፣ ማስተርሱን ጨርሶ ክፍለ አገር ለአንድ ኮሌጅ የረዳት መምህርነት ቦታ ሊያመለክት ቅጽ ይዞ ቤቴ መጣ። ኮሌጁን ስሙን አልጠራም፤ ከሌላው የባሰ ስላልሆነ። ሐተታዬን ጽሑፍ ሐያሲ ነው ብሎ ያምናል መሰለኝ፣ ‹‹ጋሼ፣ እስቲ እዩልኝ›› አለኝ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ፆታ፣ የትውልድ ቦታ። ከዚያ ብሔር። አባቱ የወሊሶ ኦሮሞ ነው፤ እናቱ እትዬ ከአባቷ ጉራጌ ከእናቷ አማራ ናት፤ እሱ ውቤ በረሃ ተወልዶ ከአማርኛ ሌላ አንድ ቋንቋ አይችልም። ቀጥሎ ‹‹አመልካቹ ለብዝኃነት መከበር ያደረጉት/ያላቸው አስተዋጽኦ›› የሚል መስመርና ሦስት ነጠብጣብ መስመሮች አሉ።

‹‹እዚህ ላይ ምን ልበል?›› አለኝ።

‹‹ያደረግከው ምንድን ነው?››

‹‹ምንም። ተወለድኩ።››

ሳቅን። እናቱ ቡናውን እየቀዳች ‹‹በቃ እሱን ጻፍበታ!›› አለች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ለሥራው የምር ይፈልገው ነበር። በዓሉን አስታወስኩት፤ ኅዳር 29 በየትምህርት ቤቱ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር ልጅ ሳለ የዶርዜ ልብስ ለብሶ ጨፍሯል። ‹‹እሱ ይያዛል?›› አለ። ይያዛል አልኩት። በቅጽ አማርኛ አስተካክለን፣ ‹‹በልዩ ልዩ መድረኮች የብሔር ብሔረሰቦችን ባህል በማስተዋወቅ ረገድ የበኩሌን ድርሻ ተወጥቻለሁ›› ብለን ጻፍነው። የሚያምር ዓረፍተ ነገር ነው። ሐሰት የለበትም፤ እውነትም የለበትም።

ቆጠራ ሌላ ጉዳይ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ ከመቶ 47 አማራ፣ 19.5 ኦሮሞ፣ 16.3 ጉራጌ፣ 6.2 ትግራዋይ ተብሎ ወጥቷል። የዚህን ልጅ ዓይነቱን የትኛው ሳጥን ውስጥ እንዳስገቡት ሳስብ ይገርመኛል፤ ግን ቆጣሪ ስምህን ጥሎ ድምርህን ነው የሚይዘው፤ እንጀራህን አይቆርጥም። ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ በ2015 በአዋጅ ሲጸና ብሔርንም ሃይማኖትንም አይጠይቅም፤ ሚሊዮኖች ወስደውታል፤ ባንክ ይሠራል፤ ሌላውም ይሠራል፤ አገር አልጎደለባትም። የቀበሌ መታወቂያችን ላይ ያቺ የብሔር መስመር ስንት ዓመት እንደተቀመጠች፣ ስንቱን ሰው በየኬላው ያስደነገጠች መሆኑን ያየ ሰው ይህን ትንሽ ነገር አይለውም።

ደግሞ አንድ ነገር ያናድደኛል፤ ከርዕሱ ትንሽ ብወጣም እላታለሁ። ብዝኃነት የሚለው ቃል በየአዳራሹ ባነር ላይ በበዛ ቁጥር ብዝኃነት የኖረበት ግቢ እያነሰ ነው የመጣው። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ሲፈርስ አንድ ሽንት ቤት ለአሥር ቤተሰብ የሚጋሩ ሰዎች የተሻለ ቤት ማግኘታቸው ደግ ነው፤ ድህነትን የሚናፍቅ ሞኝ አይደለሁም። ነገር ግን በዕድር፣ በዕቁብ፣ በአንድ ቧንቧ የተያያዘው ያ ሁሉ ሰው በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኖ ሲቀር ስለ ብዝኃነት አስተዋጽኦው የጠየቀ ቅጽ አላየሁም። በአንጻሩ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ከ2012 ጀምሮ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች አካታችነት የሚል ኮርስ ይወስዳሉ። ብዙው ስለ አካል ጉዳተኞች ነው፤ ሲሰጥ መልካም ነው። በክፍሉ ደረጃ ላይ ግን ዊልቸር የሚወጣበት መንገድ የሌለበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚሰጥ ከሆነ፣ ኮርሱን ያለፈ ማን ነው፣ የወደቀስ?

ልጁ ቅጹን አስገባ። የብሔሩን መስመር ላይ ብዙ ከተጨነቀ በኋላ ሰረዝ ጎትቶበት ነበር። እንደነገረኝ፣ ፋይል የምትቀበለው ልጅ ዓይታው ‹‹ሰረዝ ሲስተሙ አይቀበልም›› አለችው። ‹‹ታዲያ ምን ይሁን?›› ቢላት ቅጹን መልሳ ሳትሰጠው የአያቱን ስም በጣቷ ተከትላ አነበበች፤ ቀና ብላም አላየችው፤ እስክሪብቶዋን አንስታ ራሷ ሞላችለት።